ካሴቱን ማን ሰጠህ?

ብሥራተ ወንጌል ራዲዮ ጣቢያ በ1955 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ማሰራጨት ሲጀምር ድምፁ አፍሪካን አልፎ እስያ ይደርስ ነበር። ያቋቋመው የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ነው። አድማጩ ግን ብቻውን ነበር፤ ደብዳቤ ካልጻፈ በቀር ሰባኪው አያውቀውም። በመጋቢት 1969 ደርግ ጣቢያውን ወረሰው።

በጥር 1974 ደግሞ የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ተዘጋች፤ መሪዎቿም ታሰሩ። ምእመናኑ በየቤቱ ጥቂት ጥቂት ሆነው ይሰበሰቡ ጀመር። በዚያ ዘመን በአማኞች መካከል መዝሙር በካሴት እየተቀዳ ከእጅ ወደ እጅ ይዞር ነበር። እኛን የገረመን ይሄ ነው። ራዲዮ ለማንም ይከፈታል፤ ካሴት ግን ሰጪና ተቀባይ ይፈልጋል፣ ያውም የሚተማመኑ። የሰጠህን ሰው ታውቀዋለህ፤ እሱም ብትጠፋ ይፈልግሃል። (ቴፑ ክሩን ሲበላው በእስክሪብቶ ማጠንጠኑ ሳይረሳ!)

5 ሺህ ገደማ የነበሩት የመሠረተ ክርስቶስ አባላት ደርግ በወደቀበት በ1983 ዓ.ም. 34 ሺህ ያህል ሆነው ተገኙ። እርግጥ ካሴት አላበዛቸውም፤ ቤት ለቤት እየዞሩ አንድ ለአንድ ያስተማሩት ናቸው ያበዟቸው።

እኛ ዛሬ ስብከት በቴሌግራም ይደርሰናል፤ ሰባኪው ግን እንደ ራዲዮው ዘመን አያውቀንም።