አዳሪ ቅንብር

በኮልፌ ቀራንዮ፣ ከአየር ጤና እስከ ዓለም ባንክ መንገድ ዳር፣ ማመልከቻና ውል የሚጻፍባቸው ትንንሽ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤቶች አይጠፉም። ብዙዎቹ የለመዱት ዊንዶውስንና ፓወር ግዕዝን ነው። ፈቃድ መግዛት ከብዶት ወይም አሮጌ ማሽኑ ቀርፋፋ ሆኖበት ሊኑክስ የጫነ ጸሐፊ ግን አንድ የተለየ ጣጣ ሊገጥመው ይችላል። ጠዋት አማርኛውን አስተካክሎ ሲጽፍ ይውላል፤ መብራት ይሄዳል፤ ሲመለስ ኪቦርዱ ከእንግሊዝኛ በቀር አያውቅም። እንደገና ያስተካክላል፤ በማግሥቱም ያው ነው። ባለጉዳዩ ማመልከቻውን ይዞ ወረዳ ለመድረስ ይቸኩላል።

እዚህ ላይ የጎደለውን ነገር የሙያው ሰዎች ፐርሲስተንስ ይሉታል። አንድ ቅንብር ፕሮግራሙ ሲዘጋ ወይም ማሽኑ ሲጠፋ አብሮ የማይጠፋ ከሆነ ፐርሲስተንስ አለው ይባላል። በአማርኛ አዳሪነት ብንለውስ? ማሽኑ ጠፍቶ ሲነሣ በቦታው የሚገኘው አዳሪ ቅንብር፣ አብሮ የሚጠፋው ተመላላሽ ቅንብር ይሆናል። ጥንዱ ከትምህርት ቤት የተወሰደ ነው፤ አዳሪ ተማሪ ግቢው ውስጥ አልጋ አለው፣ ተመላላሹ ግን ደወል ሲደወል ይወጣል። በዚያው በምዕራብ አዲስ አበባ የነበረው የጀነራል ዊንጌት አዳሪ ትምህርት ቤት ስሙ ገና ስላልተረሳ ቃሉ ለሰፈሩ እንግዳ አይደለም።

ሌሎች አማራጮችም ነበሩ። «ቋሚ» ብንለው የማይለወጥ ያስመስለዋል፤ አዳሪ ቅንብር ግን በፈለጉ ጊዜ ይለወጣል። «ዘላቂ» የልማት ሰነዶች ስለያዙት ሌላ ሐሳብ ይጎትታል። «ቀሪ» በመዝገብ ቤት ጥሩ ትርጉም አለው፤ ከደብዳቤው ተለይቶ በፋይል የሚቀመጠው ቅጂ ነውና። ተማሪ ቤት ግን ያልመጣ ልጅ ነው፣ የምንፈልገው ተቃራኒው! «አዳሪ»ም በሌላ ጥምረት መጥፎ ስም እንዳለው አውቃለሁ፤ ቅንብር ከሚለው ጋር ሲሆን ግን የሚሳሳት አይኖርም። ግሱም ይመቻል፦ «ኪቦርዱን አሳድረኸዋል ወይስ ለዛሬ ብቻ ነው?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል።

በታይፕ ዘመን ጥያቄው አይነሣም ነበር። ከኢንጂነር አያና ብሩ ፈጠራ ጀምሮ እስከ ኦሊቬቲ የአማርኛ ታይፖች ድረስ የፊደሉ አቀማመጥ በብረት የተቀረጸ ነው፤ መብራት ቢሄድም ባይሄድም ቁልፉ ያው ፊደል ይመታል። ኮምፒውተር ላይ ግን ኪቦርዱ የሚልከው የቁልፍ ቁጥር ብቻ ነው። ያ ቁጥር «ለ» ይሁን ኤል የሚወስነው ሶፍትዌር ነው፤ ሶፍትዌሩ ደግሞ የተባለውን የሆነ ቦታ ካልጻፈው ይረሳዋል።

ሊኑክስ ላይ ይህ ቅንብር ቢያንስ ሦስት ቦታ ሊቀመጥ ይችላል፤ ግራ መጋባቱም ከዚህ ይመጣል። አንደኛው የሚሠራው ፕሮግራም ማስታወሻ (ሜሞሪ) ነው። ሴት-ኤክስኬቢ-ማፕ የሚባለውን ትእዛዝ ተርሚናል ላይ ሲጽፉ አቀማመጡ ወዲያው ሊለወጥ ይችላል፣ ግን የተነገረው ለዚያ ሰዓት ስክሪኑን ለያዘው አገልጋይ ብቻ ነው። አገልጋዩ ሲዘጋ ነገሩ ያከትማል። ማሽኑን ማጥፋት እንኳ ላያስፈልግ ይችላል፤ የዩኤስቢ ኪቦርዱን ነቅለው ቢሰኩት አዲስ እንደገባ ዕቃ ስለሚቆጠር ወደ ነባሪው አቀማመጥ ሊመለስ ይችላል። ጥሩ ተመላላሽ ማለት ይህ ነው።

ሁለተኛው የተጠቃሚው የራሱ ማኅደር ነው። ግኖም የሚባለው ዴስክቶፕ በቅንብሮች መስኮት የተመረጡትን የጽሕፈት ዓይነቶች በተጠቃሚው ስም ዲኮንፍ በሚባል ትንሽ የመረጃ ቋት ይጽፋቸዋል። ይህ አዳሪ ነው፣ የሚያድረው ግን እዚያው ተጠቃሚ ቤት ብቻ ነው። ሦስተኛው የሥርዓቱ ማኅደር ነው፤ ኡቡንቱና ዴቢያን ላይ ኢ-ቲ-ሲ በሚባለው ማኅደር፣ በዲፎልት ሥር፣ ኪቦርድ የሚል ስም ያለው ፋይል አለ። የመግቢያው ገጽና ጥቁሩ ኮንሶል አቀማመጣቸውን የሚያገኙት ከዚያ ነው።

አማርኛ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል። ፊደላችን ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኒኮድ ውስጥ ስላለ ማሳየቱ አያስቸግርም። ቤተሰቡ ሰባት የሆነ ፊደል ግን አንድ ቁልፍ ለአንድ ፊደል በሚል አቀማመጥ ብቻ በምቾት አይጻፍም፤ ሁለት ቁልፍ ተቀብሎ አንድ ፊደል የሚሰጥ የጽሕፈት ዘዴ ያስፈልገዋል። ሊኑክስ ላይ ከሚገኙት አንዱ በይትና ፍርድይወቅና በዳንኤል ያዕቆብ የተነደፈውን የሴራ ሥርዓት የሚከተል ነው (ስሙ ክፉ ቢመስልም ከእንግሊዝኛ ምሕጻረ ቃል የመጣ ነው)። ኤልና ኢን ሲመቱ «ለ» ይወጣል። ይህን ብዙ ጊዜ የሚያስተናግደው አይባስ የሚባል ፕሮግራም ነው፤ እሱ ካልተነሣ አማርኛ የለም።

ስለዚህ «ቅንብሩ ጠፋ» ሲባል ብዙ ጊዜ ቅንብሩ አልጠፋም፤ ያልተነሣው አይባስ ነው። ዝርዝሩ በፋይሉ ውስጥ አድሯል፣ የሚያነበው ግን የለም። ኤክስ-ኤፍ-ሲ-ኢን የመሰሉ ቀለል ያሉ ዴስክቶፖች ላይ አይባስን ተጠቃሚው ሲገባ አብረው ከሚነሡ ፕሮግራሞች ዝርዝር ውስጥ ማስገባት፣ ወይም ኡቡንቱና ዴቢያን ላይ አይ-ኤም-ኮንፊግ በሚባለው መሣሪያ መምረጥ ይበቃል። ግኖም ላይ ስሕተቱ ይገለበጣል፦ ሰው የአይባስን የራሱን መስኮት ከፍቶ አማርኛ ይጨምራል፣ ግኖም ግን የሚሰማው የራሱን ዝርዝር ነው። እዚያ መጨመር ያለበት በግኖም ቅንብሮች በኩል ነው።

መብራት መሄዱ ራሱ ጥፋተኛ የሚሆንበት ጊዜም አለ። ሊኑክስ የተጻፈለትን ሁሉ ወዲያው ዲስክ ላይ አያሳርፍም፤ በተለመደው አሠራር እስከ 30 ሰከንድ ገደማ በማስታወሻ ሊያቆየው ይችላል። ቅንብሩ በተለወጠ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ መብራት ከሄደ ለውጡ ላያድር ይችላል። ይህ ግን አንድ ቀን ይሆናል እንጂ በየቀኑ አይሆንም። በየቀኑ ከሆነ መብራቱን ትተን ሌላ እንፈልግ። አንዱ የሚረሳ ምክንያት ባለቤትነት ነው፤ ግራፊክ ፕሮግራም የአስተዳዳሪ ሥልጣን በሚሰጠው የሱዶ ትእዛዝ ሲከፈት የዲኮንፍ ፋይል በሥርዓቱ አስተዳዳሪ ስም ሊያዝ ይችላል፣ ከዚያ በኋላ ተጠቃሚው የመረጠውን መጻፍ አይችልም። መስኮቱ እሺ ብሎ ይቀበለዋል፣ ሲነሣ ግን የለም።

ለመለየት ቀላሉ መንገድ ማሽኑን ሳያጠፉ ወጥቶ መግባት ነው። ወጥተው ሲገቡ የሚጠፋ ከሆነ የተጠቃሚውን ማኅደርና የአይባስን አነሣሥ ይመልከቱ። ወጥተው ሲገቡ ኖሮ የመግቢያው ገጽ ላይ ብቻ የማይገኝ ከሆነ ያልተነካው የሥርዓቱ ፋይል ነው። እሱን ግን ባይነኩት ይሻላል እላለሁ፤ የይለፍ ቃሉ በላቲን ፊደል የተሠራ ሰው መግቢያው ላይ አማርኛ ቢጠብቀው ደጅ ይቀራል።

ሊኑክስን ሳይጭኑ ከፍላሽ የሚያስነሡት ደግሞ አስቀድመው ካላዘጋጁ ምንም ዓይነት ማስተካከያ አያድርላቸውም፤ የሚጻፈው ሁሉ በማስታወሻ ላይ ነውና። ፍላሹ ሲዘጋጅ ግን ማስተካከያው እንዲያድር ተብሎ የሚከፈል ቦታ አለ፤ አንዳንድ ማዘጋጃ ፕሮግራሞች መጠኑን በተንሸራታች ያስመርጣሉ፣ ካልተነካ ዜሮ ላይ ይቆማል። እሱንም አዳሪ ቦታ ልንለው እንችላለን።