የሞተር መጋዝ ሰንሰለት

የሞተር መጋዝ ሰንሰለት በመሪ ሰሌዳ ጠርዝ ላይ እየዞረ እንጨት የሚቆርጥ ባለጥርስ ሰንሰለት ነው። በተለምዶ ቼይንሶ በሚባለው መሣሪያ ላይ ቶሎ ከሚያልቁት መለዋወጫዎች አንዱ ነው። ተተኪው ሰንሰለት ከመጋዙ ጋር በሦስት ልኮች መግጠም አለበት፦ በፒች፣ በነጂ ጥርሶቹ ውፍረትና በነጂ ጥርሶቹ ብዛት። የስለቱ ቅርጽ ደግሞ ለሚቆረጠው እንጨት የሚስማማ መሆን ይኖርበታል። በአዲስ አበባ የካ ክፍለ ከተማና በእንጦጦ ተራሮች ይህ እንጨት በአመዛኙ ባሕር ዛፍ ነው።

ባሕር ዛፍ በእንጦጦ

ዳግማዊ ምኒልክ በእንጦጦ በተቀመጡበት ጊዜና አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ፣ በዙሪያው የነበረው የጽድና የወይራ ደን ለማገዶና ለቤት ሥራ ተጨፈጨፈ። በ1880ዎቹ ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ እጥረቱን አቃለለ። በፍጥነት ያድጋል፣ ከተቆረጠም በኋላ ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል። በእንጦጦ ከፍታ በስፋት የተተከለው ነጭ ባሕር ዛፍ ለከተማዋ ማገዶ፣ ለግንባታ አጣና እና ለጣውላ ሲውል ኖሯል። በ2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ሲከፈት የተራራው አንድ ክፍል የመዝናኛ ስፍራ ሆኗል።

ለቀጭን አጣና ምሳርና የእጅ መጋዝ ይበቃሉ። የሞተር መጋዝ የሚያስፈልገው ለወፍራም ግንድ፣ ለጣውላ ሥራና በነፋስ የወደቀ ዛፍ ለማንሳት ነው።

የሰንሰለቱ አመጣጥ

ጀርመናዊው አንድሪያስ ሽቲል እ.ኤ.አ. በ1926 በኤሌክትሪክ የሚሠራ፣ በ1929 ደግሞ በቤንዚን የሚሠራ የሞተር መጋዝ አወጣ። የዚያን ዘመን ሰንሰለት ጥርሶች በእጅ መጋዝ ጥርስ አምሳያ የተሠሩ ነበሩ፤ ቶሎ ይደንዙና ብዙ ሞረድ ይፈልጉ ነበር። አሜሪካዊው ጆሴፍ ኮክስ እ.ኤ.አ. በ1946 የአንዲት ጥንዚዛ እጭ በሁለት መንጋጋዎቿ ግራና ቀኝ እያፈራረቀች እንጨት ስትበላ ተመለከተ። ይህን ተከትሎ የሠራው ጥምዝ ስለት ያለው ሰንሰለት በ1947 ለገበያ ቀረበ። ዛሬ ያሉት ሰንሰለቶች ከሞላ ጎደል ሁሉም የዚህ ንድፍ ዝርያዎች ናቸው።

ሦስቱ ልኮች

*ፒች* በሰንሰለቱ ማያያዣዎች መካከል ያለው ርቀት ነው። ተከታታይ የሆኑ ሦስት ሪቬቶች ተወስደው፣ ከመጀመሪያው እስከ ሦስተኛው ያለው ርቀት ለሁለት ይካፈላል። የተለመዱት ፒቾች 1/4፣ 0.325 (8.25 ሚሊ ሜትር)፣ 3/8 (9.52 ሚሊ ሜትር) እና 0.404 ኢንች (10.26 ሚሊ ሜትር) ናቸው። 3/8 ሁለት ዓይነት አለው፤ አንዱ ለትልቅ መጋዝ የሚሆነው መደበኛው፣ ሌላው ለትንሽ መጋዝ የተሠራው ዝቅተኛው ነው። ቁጥራቸው አንድ ቢሆንም አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም።

*ውፍረት* ወደ መሪ ሰሌዳው ቦይ የሚገባው የነጂ ጥርስ ውፍረት ሲሆን 1.1፣ 1.3፣ 1.5 ወይም 1.6 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ከቦዩ የወፈረ ጥርስ አይገባም፤ የቀጠነ ደግሞ ወደ ጎን እያዘነበለ አጣሞ ይቆርጣል።

*ብዛት* የሰንሰለቱን ርዝመት ይወስናል፤ የሚታወቀውም ነጂ ጥርሶችን አንድ በአንድ በመቁጠር ነው። «ባለ 18 ኢንች» ብሎ መግዛት በቂ አይደለም። 0.325 ፒች ያለው የ18 ኢንች መሪ ሰሌዳ በአንድ አምራች 72፣ በሌላው 74 ነጂ ጥርስ ሊፈልግ ይችላል።

ምልክቶቹን ማንበብ

ብዙ ጊዜ ሦስቱም ልኮች በመሪ ሰሌዳው ጭራ በኩል ታትመዋል። ጽሑፉ ከጠፋ አሮጌው ሰንሰለት ይመረመራል። በሽቲል ሰንሰለት ላይ ነጂ ጥርሱ ላይ ያለው ቁጥር ውፍረቱን ይናገራል፤ 3 ማለት 1.3፣ 6 ማለት 1.6 ሚሊ ሜትር ነው። ከስለቱ ፊት ባለው ጉብታ ላይ የሚገኘው ቁጥር ፒቹን ያመለክታል፤ 2 ለ0.325፣ 3 ለመደበኛው 3/8፣ 6 ለዝቅተኛው 3/8 ነው። ኦሪገን በተባለው አምራች ሰንሰለት ላይ 91 የሚለው ቁጥር ዝቅተኛው 3/8 በ1.3 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ 20፣ 21 እና 22 ደግሞ 0.325 ፒች በ1.3፣ በ1.5 እና በ1.6 ሚሊ ሜትር ናቸው። አሮጌውን ሰንሰለት ይዞ ወደ ሱቅ መሄድ ጠቃሚ ነው፤ ሆኖም ቀድሞ የተገዛው ራሱ ስህተት ሊሆን ስለሚችል ከመሪ ሰሌዳው ጋር ማመሳከር ያስፈልጋል።

ለባሕር ዛፍ የሚስማማ ስለት

ማዕዘኑ ሹል የሆነ ስለት ንጹሕና እርጥብ እንጨት በፍጥነት ይቆርጣል፤ አፈር ሲነካ ግን ቶሎ ይደንዛል። ማዕዘኑ የተጠጋጋው ፍጥነቱ ትንሽ ቢያንስም አቧራና ደረቅ እንጨት ይችላል። በእንጦጦ ቁልቁለት ላይ የተጎተተ ግንድ ጭቃና ጠጠር ይይዛል፤ ጉቶም የሚቆረጠው ወደ መሬት ተጠግቶ ነው፤ የደረቀ ባሕር ዛፍ ደግሞ ከእርጥቡ እጅግ ይጠነክራል። ስለዚህ በዚህ አካባቢ በአብዛኛው የተጠጋጋው ስለት ይመረጣል።

ከፍታውም ግምት ውስጥ ይገባል። የእንጦጦ አናት ከባሕር ጠለል 3,200 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ ሲሆን፣ በ3,000 ሜትር አየሩ በባሕር ጠለል ካለው ሩብ ያህል ይሳሳል። ካርቡሬተሩ ቢስተካከልም የሞተሩ ጉልበት ይቀንሳል። ጉልበቱ የቀነሰ ሞተር ላይ ረጅም መሪ ሰሌዳና ከባድ ሰንሰለት መጫን መጋዙን ያደክመዋል፤ አጠር ያለ መሪ ሰሌዳና በደንብ የተሳለ ሰንሰለት ይሻላል።

አገጣጠም፣ ሞረድና መቀየሪያ ጊዜ

ሰንሰለቱ ከመሪ ሰሌዳው ሥር ሳይንጠለጠል ተጠግቶ፣ ሞተሩ ጠፍቶ በጓንት ሲጎተት ያለ ችግር መሄድ አለበት። አዲስ ሰንሰለት በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ስለሚላላ ደጋግሞ ይወጠራል። ያለ ሰንሰለት ዘይት መሥራት ሰንሰለቱንና መሪ ሰሌዳውን አብሮ ይበላል። ሰንሰለቱን የሚያዞረው ባለጥርስ ጎማ ከተበላ አዲሱንም ሰንሰለት ያበላሻል፤ ስለዚህ ሁለት ሰንሰለት ካለቀ በኋላ መቀየሩ ይመከራል።

የክብ ሞረዱ ውፍረት ለዝቅተኛው 3/8 ፒች 4.0፣ ለ0.325 ደግሞ 4.8 ሚሊ ሜትር ነው። በእንጨት ፍቅፋቂ ፋንታ ዱቄት የሚተፋ ሰንሰለት ደንዝዟል። ስንጥቅ የታየበት ወይም የስለቱ ርዝመት ወደ 3 ወይም 4 ሚሊ ሜትር የወረደ ሰንሰለት አይሞረድም፤ ይጣላል። የደነዘዘ ሰንሰለት ሠራተኛው መጋዙን በኃይል እንዲጫን ያስገድደዋል። ያኔ የመሪ ሰሌዳው ጫፍ የላይኛው ክፍል እንጨት ከነካ መጋዙ በድንገት ወደ ሰውየው ይወረወራል፤ ከሞተር መጋዝ ከባድ አደጋዎች አንዱም ይህ ነው።

ትክክለኛው ሰንሰለት ለዛፉም ይጠቅማል። ጉቶው ዝቅ ተደርጎ፣ ውኃ እንዳይቋጥር ጥቂት ዘንበል ብሎና ቅርፊቱ ሳይላጥ ከተቆረጠ ጤናማ ቡቃያ ያወጣል። ድንዙ ሰንሰለት ግን ቅርፊቱን ገንጥሎ የሚቀጥለውን ምርት ያዳክማል።