የጎጃም አማርኛ

የጎጃም አማርኛ ዓባይ ከቦ በያዘው አገር የሚነገር የአማርኛ ዘዬ ነው። የቋንቋ አጥኚዎች አብዛኛውን ጊዜ የአዲስ አበባ፣ የጎጃም፣ የጎንደር፣ የወሎና የመንዝ እያሉ አምስት ዘዬዎችን ይለያሉ። በዚህ ረገድ ቀደም ብለው ከተሠሩት ጥናቶች አንዱ ሀብተ ማርያም ማርቆስ በ1973 እ.ኤ.አ. በጆርናል ኦፍ ኢትዮጵያን ስተዲስ ያሳተሙት ነው። በዘዬዎቹ መካከል ያለው ልዩነት ከመግባባት አያግድም። ተናጋሪው ግን አፉን በከፈተ ቅጽበት አገሩ ይታወቃል።

በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በዙሪያቸው ባለው የምዕራብ ጎጃም ገጠር የሚሰማውን አነጋገር ለማየት አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። አዲስ አበባ ያደገ ሰው «ከገበያ መጥቼ እህል ሸጥኩ» የሚለውን የጃቢ ጠህናን ወረዳ ገበሬ «ተገበያ መጥቸ እህል ሸጥሁ» ይለዋል። በአንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሦስት ምልክቶች ተሰብስበዋል። መነሻን የሚያመለክተው «ከ» በ«ተ» ተተክቷል፤ ይህ በወሎና በመንዝም ይሰማል። «መጥቼ» በኃምስ ፊደል መጨረሱን ትቶ ወደ ግዕዙ ተመልሷል፤ «ልጄ» «ልጀ» የሚሆነውም በዚሁ መንገድ ነው። ሦስተኛው «ሸጥሁ» ነው። ስለ ዘዬው አመጣጥ ብዙ የሚነግረን ይኸኛው ስለሆነ ቆም ብሎ ማየት ይገባል።

በግዕዝ የአንደኛ መደብ የኃላፊ ግስ መጨረሻ «ኩ» ነው፤ «ሖርኩ» ማለት ሄድሁ ማለት ነው። በአማርኛ ይህ «ክ» እየላላ ሄዶ መጀመሪያ «ኽ»፣ በኋላም «ህ» ሆነ። ከ«ከ» ላይ ጭረት ተጨምሮ የተበጀው «ኸ» የተባለው ፊደልም የዚህ ለውጥ ምስክር ነው። በአዲስ አበባ አነጋገር ለውጡ የደረሰው እስከ ግማሽ መንገድ ነው። አናባቢ ሲቀድም «መጣሁ»፣ «በላሁ» ይባላል፤ ተነባቢ ሲቀድም ግን «ሄድኩ»፣ «ሸጥኩ» ይቀራል። ጎጃምና ጎንደር ለውጡን እስከ መጨረሻው አድርሰውታል። እንግዲህ «ሸጥሁ» የሚል ገበሬ የተሳሳተው ነገር የለም። የእርሱ አማርኛ ከዋና ከተማው አማርኛ የተበላሸ ቅጂ ሳይሆን ከአንድ ምንጭ ተነሥቶ በራሱ መንገድ የሄደ ነው። መጽሐፍ ቅዱሱም «አልሁ» ብሎ ይጽፋል። በወረቀት ላይ ሲታይ የሚከበረው ቃል ከገበሬ አፍ ሲወጣ መሳቂያ መሆኑ ያሳዝናል።

በሌላ በኩል ጎጃም ጠብቆ ያቆየው ነገር አለ። «ቈ»፣ «ኰ»፣ «ጐ» የሚባሉት ፊደሎች ከንፈር ክብ ሲሆን ለሚወጣ ድምፅ የተሠሩ ናቸው። በመሀል አገር አነጋገር ይህ ድምፅ በአመዛኙ ወደ «ቆ»፣ «ኮ»፣ «ጎ» ተለውጧል። የአገሩ ስም ራሱ በቀድሞ ጽሑፎች «ጐጃም» ተብሎ ይጻፋል፤ በሽማግሌዎች አንደበት ፊደሉና ድምፁ ሲገናኙ መስማት ያስደስታል።

ዘዬው እንዲህ ተለይቶ የወጣበት ምክንያት ብዙ ነው። የመጀመሪያው መልክዓ ምድር ነው። ዓባይ ከጣና ወጥቶ ጎጃምን በምሥራቅና በደቡብ ዞሮ ይሄዳል፤ ክረምት ሲገባ ወንዙ ስለሚሞላ ድልድይ ባልነበረበት ዘመን መሻገሪያው ይዘጋ ነበር። ሁለተኛው የነባር ሕዝቦች ቋንቋ ነው። ከቡሬ በስተሰሜን የሚጀምረው የአዊ አገር ዛሬም አገውኛ ይናገራል፤ በምዕራብ ጎጃምም አማርኛ ለብዙ ዘመን ከአገውኛ ጋር ጎን ለጎን ኖሯል። ግስን በዓረፍተ ነገር መጨረሻ ማስቀመጥን የመሰለው የአማርኛ ጠባይ ብዙ ሊቃውንት የኩሽ ቋንቋዎች፣ በተለይም የአገው፣ አሻራ ነው ይላሉ።

ሦስተኛው ጋፋትኛ ነው። በዓባይ ግራና ቀኝ ይነገር የነበረ ሴማዊ ቋንቋ ሲሆን የቅርብ ዘመዶቹ የጉራጌ ቋንቋዎች ናቸው። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ መኃልየ መኃልይን ወደ ጋፋትኛ አስተርጉሞ ባይወስድ ኖሮ የቀድሞ ጽሑፍ ባልኖረን ነበር። የቋንቋ አጥኚው ቮልፍ ሌስላው በ1947 እ.ኤ.አ. ተናጋሪ ፍለጋ ወደ ጎጃም ሄዶ ከብዙ ድካም በኋላ ያገኘው አራት ሰው ብቻ ነው። ዛሬ ተናጋሪ የለውም፤ የጋፋት ልጆች አፋቸውን በአማርኛ ፈትተዋል።

በዚህ ላይ ፍልሰት ተጨመረ። ዳሞት ጥንት ከዓባይ በስተደቡብ የሚገኝ አገር ነበር፤ በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሕዝቡ ወንዙን ተሻግሮ ሲሰፍር ስሙን ይዞ መጣ፤ ደጋ ዳሞት ዛሬም ይጠራበታል። ሜጫ፣ ይልማናና ዴንሳ ደግሞ በዚያው ዘመን የሰፈሩ የኦሮሞ ጎሳዎች ስሞች ናቸው። የአሜሪካ አውራጃዎች አነጋገር ከየት እንደመጣ ሲጠናም የሚጠየቀው ይኸው ነው፦ ማን ሰፈረ? ከየትኛው የእንግሊዝ ወይም የአየርላንድ ክፍል መጣ? ከለንደንስ ጋር ምን ያህል ይገናኝ ነበር? ደቡብ እንግሊዝ በኋላ የጣለውን የቃል መጨረሻ «ር» አብዛኛው አሜሪካዊ ጠብቆ ይዞታል። ከመሀል የራቀ አገር አንዳንዱን አሮጌ ነገር ያቆያል፤ በሌላው ደግሞ ቀድሞ ይሄዳል።

የቤተ ክህነት ትምህርት ግን ጎጃምን ከሌላው አገር ጋር ሲያገናኝ ኖሯል። ዋሸራና ጎንጅ በቅኔ ቤትነታቸው ስመ ጥር ስለሆኑ የቆሎ ተማሪ ከየአገሩ አኮፋዳውን አንግቶ ይመጣባቸው ነበር። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ካይሮ ላይ ተቀምጦ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አማርኛ የመለሰው አባ አብርሃም፣ በቅጽል ስሙ አቡ ሩሚ፣ የጎጃም ሰው እንደነበረ ይነገራል።

ሚዛኑ ወደ ሸዋ ያጋደለው ከዚያ በኋላ ነው። በ1873 ዓ.ም. ራስ አዳል ተክለ ሃይማኖት ተብለው የጎጃም ንጉሥ ሲሆኑ አዲስ አበባ ገና አልተቆረቆረችም። ከ1879 ዓ.ም. ወዲህ ግን ቤተ መንግሥቱ፣ ማተሚያ ቤቱ፣ በኋላም ሬዲዮው እዚያው ተሰበሰቡ፤ የከተማዋ አማርኛም የትምህርት ቤትና የዜና አማርኛ ሆነ። ጎጃሜው ሀዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» የጎጃምን ገጠር ለመላው አገር አስተዋውቋል፤ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ደግሞ ማንበብ የማይችለውም ሰማው።

ፍኖተ ሰላም ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚያልፈው መንገድ ላይ ናት፤ ከቡሬ ደግሞ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ነቀምቴ የሚወስድ መንገድ ይገነጠላል። የቡሬ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክም ከየአቅጣጫው ሠራተኛ ይስባል። በዚህ ምክንያት የከተማው ወጣት ሁለት አፍ ይዞ ያድጋል። በክፍል ውስጥ ለመምህሩ «ከቤት ነው የመጣሁት፣ ደብተሬን ረሳሁት» ይላል። ቅዳሜ ገጠር ሲወርድ አያቱ ከደጃፍ ሆነው «ልጀ፣ ተየት መጣህ?» ይሉታል፤ እርሱም ሳይታወቀው «ተከተማ መጥቸ ነው» ብሎ ይመልሳል።