የቀን ጉጉትና የሐሰት መዝገብ

ጉጉት በአገራችን ሰው ዘንድ የጨለማ ወፍ ናት፤ ድምፅዋም የክፉ ነገር ምልክት ሆኖ ሲቈጠር ኖሯል። ይሁን እንጂ የጉጉት ወገን ሁሉ ብርሃንን አይሸሽም። ሐዋሳና የታቦር ተራራዋ ባሉበት በስምጥ ሸለቆ፣ በግራር ዱር ውስጥ፣ ከማጅራትዋ ላይ ዓይን የሚመስሉ ሁለት ጥቋቁር ምልክቶች ያሉባት ትንሽ ጉጉት በቀንም ትታያለች። በሕንድ አገር ደግሞ እንደዚህችው በቀን የምታድን፣ ነገር ግን እጅግ ብርቅ የሆነች ሌላ ጉጉት አለች። የእርስዋ ታሪክ የወፍ ታሪክ ብቻ ሳይሆን የእውነትና የመዝገብም ታሪክ ስለ ሆነ ለአንባቢ ሊነገር ይገባዋል።

እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1872 ብሌዊት የተባለ ሰው ይህችን ጉጉት በመካከለኛው ሕንድ ገድሎ አገኘ፤ በሚቀጥለው ዓመት ሂዩም የተባለው የአዕዋፍ ሊቅ በብሌዊት ስም ሰየማት። እስከ 1884 ድረስ የጥቂቶች ቆዳ ብቻ በጥጥ ተሞልቶ በቤተ መዘክር ተቀመጠ። ከዚያ ወዲህ ደብዛዋ ጠፋ።

አንድ የተለየ መዝገብ ግን ነበር፤ ይኸውም ስመ ጥር የነበረው እንግሊዛዊ ኮሎኔል ማይነርትስሀገን በ1914 በጉጃራት አገኘኋት ብሎ ያስቀመጠው ቆዳ ነው። የሰውዬው ስም ከፍ ያለ ስለ ነበረ ቃሉ ታመነ፤ ፈላጊዎችንም አሳሳተ። በኋላ አሜሪካዊቱ ሊቅ ፓሜላ ራስሙሰን ቆዳውን ብትመረምር፣ ዴቪድሰን የተባለ ሰው በ1880ዎቹ ያዘጋጀው ሆኖ ተገኘ። ቆዳው ተሰርቆ፣ እንደ ገና ተሰፍቶ፣ ሐሰተኛ ወረቀት ታስሮበት ነበር።

ራስሙሰንም የ1914ቱን መዝገብ ትታ፣ ከቤን ኪንግና ከዴቪድ አቦት ጋር የጥንቶቹ ቆዳዎች ወደ ተገኙባቸው ስፍራዎች ሄደች። ኅዳር 16 ቀን 1990 ዓ.ም.፣ ማለትም በአውሮፓውያን ኖቬምበር 25 ቀን 1997፣ በማሃራሽትራ ግዛት በሻሃዳ አጠገብ አንዲት ጉጉት በጠዋት ፀሐይ ቅጠል በሌለው ዛፍ ላይ ተቀምጣ ታየች። በየመንደሩ ከምትገኘው ነጠብጣባም ጉጉት የምትለይበትን ምልክት ሁሉ አንድ በአንድ ተመለከቱ፤ አናትዋ ነጠብጣብ የለሽ ሊባል የሚችል፣ ሆድዋ ነጭ፣ እግርዋም ወፍራምና ነጭ ላባ የለበሰ ነበር። ከ113 ዓመት በኋላ የጠፋችው ተገኘች!

ከዚያ ወዲህ በሌሎች ደኖችም ታይታለች፤ ሆኖም ደኑ በመመንጠሩ አሁንም የመጥፋት አደጋ ካንዣበበባቸው አዕዋፍ መካከል ትቈጠራለች። ያልነበረችበትን ስፍራ ኗሪዋ አድርጎ የጻፈ እጅ ያለችበት ደን እንዳይጠበቅ እንቅፋት ይሆናል። እንግዲህ መዝገብ የሚጽፍ ሹምም፣ የሚያስተምር መምህርም ይህን ያስብ፦ ሐሰተኛ ቃል በባለ ዝና እጅ ቢጻፍም እውነት አይሆንም፤ የሚታረመውም መርምሮ በሚጠይቅ ሰው ነው።