ስጋትና ጭንቀት በቢቸናና በሞጣ

በአማርኛ ስጋትና ጭንቀት አብረው ሲነገሩ አንድ ነገር ይመስላሉ። ነገር ግን ስጋት ሊመጣ የሚችለውን ክፉ ነገር አስቀድሞ መፍራት ሲሆን፥ ጭንቀት ሰውን ከውስጥ ይዞ የሚያጠብብ ነው፤ ወላድ በምጥ ሳለች «ጭንቅ ላይ ናት» መባሏም ስለዚህ ነው። ቋንቋው የለያቸውን ግን አካል አይለያቸውም። የልብ መምታት፥ እንቅልፍ ማጣት፥ የእጅ መንቀጥቀጥ፥ የትንፋሽ ማጠርና የሆድ መታወክ በሁለቱም ይታያሉ። ታዲያ ሕመም የሆነው ጭንቀት ከተገቢው ፍርሃት በምን ይታወቃል? የሰውየውን ታሪክ በመጠየቅ ነው እንላለን።

ለዚህ የቢቸናና የሞጣ አውራጃዎች ታሪክ ምስክር ይሆነናል። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ በወጣ ጊዜ የእነዚህ አውራጃዎች ገበሬ ገማቾችን ወደ መሬቱ አላስገባም አለ። የሠጋው ስለ ግብሩ ብዛት ብቻ አልነበረም፤ መሬት ከተለካና ከተመዘገበ በትውልድ የሚወረሰው ርስት ይጠፋል ብሎም ነው። መንግሥት ጦር አዘመተ፤ መንደሮችም በአውሮፕላን ተደበደቡ። በመጨረሻ በ1961 ዓ.ም. ውዝፉ ግብር ተማረ። በዚያ ወራት እንቅልፍ ያጣውን ገበሬ ሕመምተኛ ብሎ መጥራት ስሕተት በሆነ ነበር። ፍርሃቱ የታወቀ ምክንያት ነበረው፤ ከጎረቤቱ ጋራ ተካፍሎታል፤ ለምክርና ለሥራም አነሣሥቶታል።

በማናቸውም ዘመን ግን ምክንያቱ ሲያልፍ ፍርሃቱ የማይለቀው ሰው አለ። ሌሎች ወደ እርሻቸው ሲመለሱ እርሱ ከገበያም፥ ከቤተ ክርስቲያንም፥ ከዕድርም ይቀራል። የዓለም የጤና ድርጅት እንዲህ ያለውን ሰው ለመለየት 20 ጥያቄዎች አዘጋጅቷል፤ በአማርኛ ተተርጕመው በቡታጅራ ጥናት ተሠርቶባቸዋል። ስለ እንቅልፍ፥ ስለ መደንገጥና ስለ እጅ መንቀጥቀጥ ብቻ ሳይሆን የዕለት ሥራ መበደሉንም ይጠይቃሉ። ሆላንዳዊው የአእምሮ ሐኪም ፍራንክ ኮርትማን ግን ኢትዮጵያ ውስጥ ባደረገው ጥናት፥ ተጠያቂው ጥያቄውን ጠያቂው ባሰበው ትርጕም ሁልጊዜ እንደማይረዳው አሳይቷል። ስለዚህ ቍጥር ብቻ አይበቃም፤ ፍርሃቱ መቼ ጀመረ፥ ከምን ተነሣ፥ ምን አስቀረ ተብሎ መጠየቅ አለበት።

በእነዚህ አገሮች፥ እንደ ሌላው የአማራ አገር ሁሉ፥ የተጨነቀ ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚወሰደው ወደ ጠበል ነው። ይህ ልማድ የሚናቅ አይደለም፤ በሽተኛው ብቻውን አይተውም፥ ዘመድ ይከተለዋል። ጠበሉም በሱባኤ ይቈጠራልና የጊዜን ልክ መጠበቅ ለቤተሰቡ እንግዳ ነገር አይደለም። ይኸው ልክ ለሐኪምም ይሠራል። ጭንቀቱ ለሳምንታት ከዘለቀና እየባሰ ከሄደ፥ ሥራንና እንቅልፍን ከነሣ፥ ወይም ሰውየው ለማረጋጊያ መጠጥ ካዘወተረ፥ ጠበሉን ሳይተው ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባዋል። ሞትን የተመኘ ወይም ራሱን ለመጕዳት ያሰበ እንደ ሆነ ግን ቀን አይቈጠርም፤ ብቻውን ሳይተዉ በዚያው ዕለት መውሰድ ነው። ሐኪሙም አካሉን አስቀድሞ ይመረምራል። በደጋው አገር እንቅርት የታወቀ ነው፤ የአንገት ዕጢ ከልክ በላይ ሲሠራ ልብን ያስመታል፥ እጅን ያንቀጠቅጣል፥ ያከሳል፤ ጭንቀትም ይመስላል።

አማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ ዘመን የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል በነበረበት ጊዜ ከሞጣ ተነሥቶ አዲስ አበባ ድረስ መሄድ ለጥቂቶች ብቻ የሚቻል ነበር። በ2005 ዓ.ም. የጀመረው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ ሕክምናው በጤና ጣቢያዎች እንዲሰጥ ማሰቡ ስለዚህ ታላቅ ለውጥ ነው።

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል የተነሣው ጦርነት ለምሥራቅ ጎጃምም ተርፏል። እንዲህ ባለ ጊዜ ሁለት ስሕተት አለ። አንደኛው የሕዝብን እውነተኛ ስጋት በሽታ ብሎ ማቃለል ነው። ሁለተኛው፥ ይልቁንም የተሰወረው፥ የታመመውን ሰው «ዘመኑ ነው፥ ሁላችንም ፈርተናል» ብሎ ያለ እርዳታ መተው ነው። ሁሉም በፈራበት አገር የታመመውን ለይቶ የሚያውቀው፥ ከፍርሃቱ በፊት ምን ዓይነት ሰው እንደ ነበረ የሚያስታውስ ጎረቤቱ ነው፤ ሐኪምም ሆነ የባህል ተመራማሪ መጠየቅ ያለበት እርሱን ነው።