ሞቄሽ፤ የወጥመድ ትርጓሜ

በዕብራይስጥ ሞቄሽ የተባለው ቃል በግዕዝ መሥገርት፣ በአማርኛ ወጥመድ ነው። ዓሣ አሥጋሪ መባልም መሥገርት ከወጣበት ከሠገረ ነው። ፓሕ የሚባልም ሌላ ቃል አለ፤ አሞጽ በምዕራፍ 3 ቁጥር 5 ሁለቱን ባንድነት ይጠራቸዋል። ፓሕ ወፍን የሚይዘው ወጥመድ፣ ሞቄሽ ግን ማባበያው ነው የሚሉ መምህራን አሉ። ሰብዓ ሊቃናትም በብዙ ስፍራ እስካንዳሎን፣ ይኸውም ማሰናከያ፣ ብለው መለሱት።

አንድም ውል ወጥመድ ይሆናል። በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 34 ቁጥር 12 እስራኤል ከምድሪቱ ሰዎች ጋራ የሚያደርጉት ቃል ኪዳን ሞቄሽ እንዳይሆንባቸው ታዝዘዋልና።

ይህም በኢትዮጵያ ታሪክ ተገልጧል። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተደረገው የውጫሌ ውል በ17ኛው ክፍል፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከኤውሮፓ ነገሥታት ጋራ በኢጣልያ በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል፤ ይህ የአማርኛው ነው። በኢጣልያንኛው ግን ግዴታ ሆኖ ተገኘ። ኢጣልያም በዚህ አንድ ቃል ኢትዮጵያ በጥበቃዬ ሥር ናት ብላ ለኤውሮፓ መንግሥታት አስታወቀች። ከጉለሌ በላይ በእንጦጦ ማርያም ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት ዳግማዊ ምኒልክ ነገሩን በተረዱ ጊዜ ተቃወሙ፤ በ1885 ዓ.ም. ውሉን አፈረሱ። ፍርዱም የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ ሆነ።

በመዝሙር 123 ቁጥር 7 ወፊቱ የዳነችው ወጥመዱ በመሰበሩ ነው። ይህ ወጥመድ ግን እስኪሰበር ድረስ የብዙ ሰው ደም ፈሷል። ወጥመድ ወጥመድ መባሉ ባይታይ ነውና፣ ማኅተም የሚያትም መኰንን፣ ቃል የሚተረጕም ካህንም፣ አስቀድሞ ሁለቱን ልሳን አስተያይቶ ይመርምር።