የጭላሎ ጠያቂዎች

ዛሬ የማወጋችሁ አሰላ ላይ ማኅበራዊ ሳይንስ ስለሚማሩ ልጆች ነው፤ ነገሩ ግን እነሱ ሳይወለዱ የጀመረ ነውና ከሥሩ ልነሣ፣ እናንተም ታገሡኝ።

ከአዳማ ተነሥቶ አሰላ የሚሄድ ሰው መልካሳ ላይ አዋሽን ይሻገራል፤ ከዚያ ዴራን በሙቀት ያልፍና መንገዱ ሽቅብ ይይዛል፤ ኢተያ ሲደርስ ነፋሱ ይለወጥና የመኪናው መስኮት አንድ በአንድ ይዘጋል፣ እናቶችም ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው ሳብ ያደርጋሉ፤ ከዚያም ስንዴው በግራ፣ ገብሱ በቀኝ እየተከተለው ቁሉምሳን ያልፍና፣ የጭላሎ ተራራ ጉሙን ተከናንቦ ከቆመበት ግርጌ አሰላ ይገባል። ይህ አገር ኃይሌ ገብረ ሥላሴን ያበቀለ ነው፤ ወደ ደቡብ አለፍ ሲሉ ደግሞ ደራርቱንና ቀነኒሳን የሰጠችው በቆጂ አለች። ስለ ሯጮቹ ብዙ ተወርቷል፤ እኔ ግን የማወጋችሁ በዚሁ ደጋ በእግራቸው እየሄዱ ገበሬውን ስለጠየቁት ሰዎች ነው።

በ1959 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የኢትዮጵያ መንግሥትና የስዊድን መንግሥት ተዋውለው በጭላሎ አውራጃ አንድ የእርሻ ልማት ድርጅት አቋቋሙ፤ ሕዝቡም ካዱ ይለው ነበር። ካዱም ምርጥ ዘር አመጣ፣ ማዳበሪያ አመጣ፣ ብድር ሰጠ፤ የታሰበውም ለትንሹ ገበሬና ለጭሰኛው ነበር። ስንዴውም እሺ አለ። ነገር ግን ጭሰኛ ማለት ካረሰው ላይ ሲሶውን፣ አንዳንዴም እኩሌታውን ለባለመሬቱ የሚያስረክብ፣ ብድር ለመውሰድ እንኳ የባለመሬቱ ፊርማ የሚያስፈልገው ሰው ነበርና በረከቱ እጁ ላይ አልቆየለትም። ባለመሬቱ ስንዴው ገንዘብ እንደሚያመጣ አየ፤ ትራክተርም ያለ ቀረጥ እንደሚገባ ሰማ፤ ከዚያም ጭሰኛውን አስጠርቶ ከእንግዲህ መሬቱን ራሴ ነኝ የማርሰው አለው፤ ከዚያም ያ ሰው ልጆቹን አስከትሎ፣ ከብቶቹን ነድቶ፣ አባቱ ከተቀበረበት ቀዬ ወጣ።

ይህንን ነገር ጽፎ ያስቀረው ማን ነው ብትሉኝ፣ የማኅበራዊ ሳይንስ ሰዎች ናቸው። ካዱ በጉያው የጥናት ክፍል ነበረው፤ ሰዎቹም ማሳ ለማሳ እየዞሩ ማን ምን ያርሳል፣ ማን ተነሣ፣ የተነሣውስ የት ገባ ብለው ጠየቁ። ሔኖክ ክፍሌ የተባሉ ኢትዮጵያዊ የምጣኔ ሀብት ባለሙያም በ1964 ዓ.ም. ገደማ የትራክተር እርሻ በገበሬው ላይ ያደረሰውን አጥንተው ጻፉ፤ ጥናቱንም ያሳተመው ራሱ ካዱ ነበር። እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። አንድ ድርጅት በገዛ ሥራው የተነሣ ሕዝብ ሲፈናቀል አይቶ፣ ያየውን በራሱ ማኅተም ማተሙ ቀላል ነገር አይደለም፤ እኔ ይህንን በክብር ነው የማነሣው። አዲስ አበባ ላይም የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች የካቲት 1957 ዓ.ም. ወደ ፓርላማው ወጥተው «መሬት ለአራሹ» ካሉ ዓመታት ተቆጥረው ነበር፤ ፓርላማው ግን ስለ ጭሰኛው የቀረበለትን ረቂቅ ሕግ ሳያጸድቀው ቆየ፤ ከዚያም ዘመኑ ተገለበጠና የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ታወጀ፤ ጭሰኝነትም በሕግ አበቃ። ከአዋጁ በኋላ የመጣው ብዙ መከራ ለብቻው የሚወጋ ነው፤ ለዛሬ እንለፈው።

ወደ ልጆቹ ልመለስ። ዛሬ አሰላ የራሷ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ ቀድሞ የአዳማ ዩኒቨርሲቲ ክፍል የነበረው ግቢ በ2007 ዓ.ም. አርሲ ዩኒቨርሲቲ ተባለ። በአገሪቱ ያለው ነገር ግን ለማኅበራዊ ሳይንስ ልጅ አልተመቸም። ከ2001 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ከሚገቡት ተማሪዎች 70 በመቶው ወደ ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ እንዲመደብ ተወሰነ፤ ከዚያም በየቤቱ «ሶሻል ገባ» ሲባል የአባት ፊት ጠቆር ማለት ጀመረ። ከዚያ ደግሞ የ2014ቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ተሰጠና ግማሹን ነጥብ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ሆኑ፤ ከሶሻሎቹ መካከል ያለፉትማ ከዚህም ያነሱ ነበሩ። ያለፈው ልጅ ገብቶ ጂኦግራፊውን፣ ታሪኩን፣ አንትሮፖሎጂውን፣ ሳይኮሎጂውን ፍሬሽማን ላይ ይማራል፤ ከዚያ ዲፓርትመንት ይመርጣል፤ በመጨረሻም የመውጫ ፈተናው ይጠብቀዋል። በዚህ ሁሉ መካከል ትምህርቱ ለምን እንደሆነ የሚነግረው ሰው ካላገኘ ልቡ ቢዝል አይፈረድበትም።

እንዲህ ያለ አንድ ልጅ አስቡልኝ። የመመረቂያ ጽሑፉን ሊሠራ መጠይቁን በላስቲክ ጠቅልሎ፣ ጭቃው ጫማውን እየጎተተው፣ ወደ ጭላሎ ወገብ ይወጣል፤ ከአንድ ሽማግሌ ደጅም ይደርሳል። ሽማግሌው ወንበር ያወጡለታል፤ ወረቀቱን ያያሉ፤ ከዚያም መልስ ከመስጠታቸው በፊት ማን ላከህ ይሉታል። ሊነቀፉበት አይገባም። በእሳቸው ዕድሜ ወረቀት ይዞ ከብቱንና ማሳውን የሚቆጥር ሰው ወይ ግብር ሊጥል ወይ መሬት ሊለካ የመጣ ነበር። ልጁ አዋቂ ከሆነ ወረቀቱን አጥፎ ጉልበቱ ላይ ያደርግና፣ አባቴ፣ ተማሪ ነኝ፣ እርስዎ ያዩትን ልማር ነው የመጣሁት ይላል፤ ከዚያም ዝም ብሎ ይጠብቃል። ያን ጊዜ ሽማግሌው ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ ያስደግፋሉ፣ ጋቢያቸውን ያስተካክላሉ፣ ትራክተሩ የመጣበትን ዓመትም ከአባታቸው መነሣት ጋር አያይዘው ይነግሩታል። መጠይቁ ላይ ያልነበረው ጥያቄ መልሱን ያገኘው በዚያች ዝምታ ነው።

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ማለት ይህ ሽማግሌም የከፈሉበት ቤት ነው፤ የልጁ ወንበር፣ መብራት፣ እንጀራም ከእሳቸውና ከመሰሎቻቸው ግብር የተዋጣ ነው። ወጪ መጋራት ተብሎ ተማሪው የሚፈርመው ውል የዕዳው ጥቂቱ ነው። ስለዚህ ጥናቱ ተጠርዞ በቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ሲቀር፣ የተጠየቁትም ሰዎች መልሳቸው የት እንደ ደረሰ ሳይሰሙ ሲቀሩ፣ እኔ ይህንን እንደ ትልቅ በደል እቆጥረዋለሁ።

በ1964 ዓ.ም. የሃያ ዓመት ወጣት የነበረ ጭሰኛ ዛሬ ሰባውን አልፏል። የአርሲ እናቶችም ሲንቄ የሚባለውን በትራቸውን ይዘው ጠብ ያበረዱበትን ዘመን የሚያስታውሱት እያለፉ ነው። እናንተ አሰላ ያላችሁ የሶሻል ልጆች፣ ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ሲደርቅ ውጡና ጠይቁ፤ ስትጨርሱም ከጽሑፋችሁ አንዱን ቅጂ ለጠየቃችሁበት ቀበሌ ስጡ፣ ፍሬ ነገሩንም በሚገባቸው ቋንቋ በስብሰባ ላይ አንብቡላቸው።